ሰላምታ የሌለበት ክፍል

የጥላ ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየን የቴሌግራም ግሩፕ ሠላሳ አንድ አባላት ነበሩት። ሠላሳ አንዱም በየማለዳው ሠላሳ አንዱን ሰላም ይሉ ነበር።

ይህን ያዘዛቸው ማንም የለም። ነገር ግን የሆሞሻ ማንጎ መሰብሰቢያ ኃላፊ ጋሽ አብዱልረሂም ረጅም የድምፅ መልእክት ልከው የሁሉንም እንቅልፍ፣ የሁሉንም ጉልበት፣ የልጆቹንና የከብቶቹን ደህንነት በየስሙ ከጠየቁ በኋላ፣ ማን ደፍሮ «ሃምሳ ሣጥን አለኝ» ብሎ ይጽፋል? በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አምባ አሥራ አራት የሰፈሩት እትዬ አሰለፈች በዚያው ልክ ይመልሳሉ። እሳቸው ሲመልሱ የአይሱዙው ሾፌር ዳበሳ አሜን ይላል። ዳበሳ አሜን ሲል የአሶሳው መጋዘን የማሸጊያ ኃላፊ ሳሊማ የልጁ ጉንፋን ተሽሎት እንደሆነ ትጠይቃለች። ሥራ የሚጀመረው ወደ አራት ሰዓት ገደማ ነው።

በግንቦት የመጀመሪያ ሳምንት ዳበሳ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ «ጎማ ፈንድቶብኛል፣ ዛሬ አልመጣም» ብሎ ጻፈ። መልእክቱ ከሰማንያ ስድስት ሰላምታዎች ሥር ተቀበረ። ዘጠና ሣጥን ማንጎ ከዛፍ ወርዶ መንገድ ዳር መኪና ሲጠብቅ ዋለ። በማግሥቱም ዋለ። በሦስተኛው ቀን ፍየሎች በሉት። በዚያ ሳምንት በዩኒየኑ አሠራር ደስ ያላቸው ፍየሎቹ ብቻ ነበሩ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ለሜሳ ፍሬሕይወትን ቢሮ አስጠሯት።

«እኔ ለሠላሳ ሰው በየተራ ስደውል ጆሮዬ ይግል ነበር እንጂ ማንጎ አይበሰብስም ነበር» አሏት። «ይሄ ግሩፕ ግን…»

«ይስተካከላል፣ አቶ ለሜሳ።»

«መቼ?»

ፍሬሕይወት ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሁለት ዓመት ፎቶ ኮፒ ስታነሳ ቆይታ፣ ዩኒየኑ «የግንኙነት አስተባባሪ» ብሎ ለሦስት ወር ሙከራ ሲቀጥራት የፎቶ ኮፒ ቤቱን ወንበር ለሌላ ሰው ለቃ መጥታለች። ሙከራው ዓርብ ያልቃል።

«ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ የአዲስ አበባው ገዢ መኪና ይመጣል» አሉ አቶ ለሜሳ። «አራት መቶ ሣጥን። ሞልቶ ከሄደ ዓርብ ቋሚ ትሆኛለሽ። ጎድሎ ከሄደ…» የጠረጴዛቸውን አሮጌ ስልክ መነጋገሪያ አንስተው አሳዩዋትና መልሰው አስቀመጡት።

ፍሬሕይወት ቅዳሜና እሑድ ስልኳ ላይ ተደፍታ ዋለች። ግሩፑን በአራት ከፈለችው፦ ጭነት፣ መንገድ፣ ጥራት፣ ሰላምታ። ለእያንዳንዱ ክፍል ትንሽ ሥዕል መረጠችለት፤ ለጭነት መኪና፣ ለሰላምታ የተጨባበጡ እጆች። ከዚያ ማንበብ ለማይመቻቸው ብላ ደንቡን በራሷ ድምፅ ቀድታ ላከች።

«በጭነት ክፍል ሰላምታ ክልክል ነው። ቦታ፣ የሣጥን ብዛት፣ ሰዓት። ሌላ ምንም። ሰላምታ የፈለገ ሰላምታ ክፍል ይግባ። አመሰግናለሁ።»

«አመሰግናለሁ»ዋ ራሷ ከደንቡ ውጭ እንደሆነች ያስተዋለችው ከላከች በኋላ ነው።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልኳን ስትከፍት ዓይኗን ማመን አቃታት።

«ሆሞሻ። 40። 3 ሰዓት።»

«አምባ 14። 35። 4 ሰዓት።»

«አምባ 8። 25። 5 ሰዓት።»

ጉንፋን የለም፣ ጉልበት የለም፣ ላም የለም። በአራት ደቂቃ ውስጥ የቀኑ ጭነት በሙሉ እንደ ሎተሪ ዕጣ ተደርድሮ መጣ። ፍሬሕይወት ከወንበሯ ተነሥታ ቢሮው ውስጥ ሁለት ጊዜ ዞረች። አቶ ለሜሳን ጠርታ አሳየቻቸው።

«እንደ ወታደር ሬዲዮ ነው እኮ!» አሉ።

«ከዚያም ይሻላል» አለች፤ ደስታዋ ትሕትናዋን ስለበለጠባት።

ሰላምታ ክፍሉ ግን ሥራ አላሠራትም። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ሁለት ጊዜ መሬት ወደቀ። የዚያን ክፍል ድምፅ ዘጋችው። እዚያ ሰላም ይበሉ፤ እሷ እዚህ ትሥራ። ማክሰኞም እንዲሁ ሰላም ሆነ። ማክሰኞ ማታ አራት መቶ ሣጥኑን ለሦስቱ መሰብሰቢያዎች ደልድላ ላከች፦ ሆሞሻ መቶ ሃያ፣ አምባ አሥራ አራት መቶ ስድሳ፣ አምባ ስምንት መቶ ሃያ። ተኛችና እስከ ንጋት አልነቃችም።

ረቡዕ ጠዋት ጭነት ክፍል ውስጥ አንድ መልእክት ብቻ ነበር።

«ሆሞሻ። 120። 7 ሰዓት።»

ጠበቀች። ሦስት ሰዓት ሆነ። «አምባ 14?» ብላ ጻፈች። መልስ የለም። «አምባ 8?» መልስ የለም። «ዳበሳ፣ መኪናው የት ነው?» ዝም። አራት ሰዓት ላይ እትዬ አሰለፈች ጋ ደወለች፤ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ዳበሳ ጋ ደወለች፤ ከአገልግሎት ክልል ውጭ ነው አላት። ወደ ማሸጊያው አዳራሽ ሮጠች።

አዳራሹ ባዶ ነበር። ባዶ ሣጥኖች ብቻ እስከ ጣራ ተደርድረዋል። በር ላይ ዘበኛው ጋሽ ገረሱ አገዳ እየመጠጡ ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ገረሱ! ሳሊማና ልጆቹ የት ሄዱ?»

«ለዕርቅ ሄዱ።»

«የምን ዕርቅ? ማን ተጣላ?»

ጋሽ ገረሱ አገዳውን ከአፋቸው አውጥተው በርኅራኄ አዩአት። «አንቺ የግንኙነት ኃላፊ አይደለሽም እንዴ? ግሩፑ ላይ አለ እኮ።»

ፍሬሕይወት ሰላምታ ክፍሉን ከፈተች። አራት መቶ አሥራ ሰባት ያልተነበቡ መልእክቶች። በሩ ደፍ ላይ ተቀመጠችና ከሰኞ ጀምራ ወረደች።

ሰኞ፣ እትዬ አሰለፈች፦ «አብዱልረሂም ወንድምዓለም፣ ዛሬ ድምፅህን አልሰማሁም። ደህና ነህ? አብሽር።»

ሰኞ፣ ዳበሳ፦ «በዚያኛው ክፍል ‹ሆሞሻ 40› ብሎ ጽፏል። ሰላምም አላለ።»

ማክሰኞ፣ እትዬ አሰለፈች፦ «ዛሬም ‹ሆሞሻ› ብሎ ቁጥር ብቻ! እንዲህ ያለ ሰው ነበር? ላሜ ስትወልድ ከሆሞሻ ደውሎ ስሟን ማን አላችኋት ያለ ሰው ነው!»

ማክሰኞ፣ ሳሊማ፦ «እኔ ደውዬ ጠየቅኩት። ‹ምንም የለም፣ ደህና ነኝ› አለኝና ዘጋ።»

ማክሰኞ፣ እትዬ አሰለፈች፦ «ምንም የለም ካለማ ነገሩ ከባድ ነው።»

ከዚህ በኋላ ሁሉም በየተራ መናዘዝ ጀመረ። ዳበሳ ቅዳሜ ሲጭን ቸኩሎ የቀረበለትን ሻይ ሳይጠጣ ወጥቶ ነበር፤ ጥፋተኛው እሱ ነው። ሳሊማ ከሆሞሻ የመጣ ሣጥን ላይ «ትንሽ ሙሽሽ ብሏል» ብላ ጽፋ ነበር፤ ጥፋተኛዋ እሷ ናት። እትዬ አሰለፈች ደግሞ በፋሲካ ሰሞን በሰው ፊት «የሆሞሻ ማንጎ ይጣፍጣል፣ ግን ለጥርስ ሥራ ያበዛል» ብለው ቀልደዋል፤ ስለዚህ ሌላው ሁሉ ዝም ይበል፣ ጥፋተኛዋ እሳቸው ናቸው። ሃያ ሁለት ሰው አጠፋሁ አለ። አንድ የአምባ ስምንት ሰው አብዱልረሂምን በአካል አይቷቸው አያውቅም፤ እሱም «ምናልባት አንድም ቀን ሄጄ ስላልጠየቅኩት ይሆን?» አለ።

ረቡዕ ንጋት ላይ እትዬ አሰለፈች ፈረዱ፦ «ይሄ የስልክ ነገር አይደለም። ሽማግሌ ይዘን እንሂድ።»

«በምን እንሂድ?»

ዳበሳ፦ «አይሱዙው አለ።»

ፍሬሕይወት ስልኳን ኪሷ ከተተች። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ የገዢው መኪና ይመጣል፤ አንድም ሰው ከዛፍ ሥር የለም፤ የዩኒየኑ ብቸኛ መኪና ሰው ጭኖ ሆሞሻ ሄዷል። የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ሳይክል አስነሥታ ወጣች። የሆሞሻን መንገድ ግራና ቀኝ ከያዙት ማንጎዎች ሥር ስታልፍ ለራሷ ጮክ ብላ ታወራ ነበር። «ከተጣላው ሰው በቀር ሁሉም ታረቀ! ከተጣላው ሰው በቀር!» አንድ በቅሎ የያዙ ሰው መንገድ ለቀው ቆሙላት።

ጋሽ አብዱልረሂም ግቢ ስትደርስ አይሱዙው በር ላይ ቆሟል። ወደ ውስጥ ገባችና ቀጥ ብላ ቆመች።

በሰፊው ማንጎ ሥር ሃያ ስድስት ሰው ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል። መሃል ላይ እትዬ አሰለፈች ቆመዋል፤ የአገራቸው ወግ ነውና ማጅራታቸው ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክመዋል። ከፊታቸው ጋሽ አብዱልረሂም ቆመዋል። እሳቸውም ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። የሳቸው ይበልጣል።

«ያውርዱት፣ እማማ!» ይላሉ አብዱልረሂም እያለከለኩ። «ወላሂ እርስዎ አላጠፋም! ያጠፋ እኔ ነው!»

«ይቅር ሳትለኝ አላወርድም!»

«ምን ይቅር ልበል? እርስዎ ይቅር በሉኝ!»

«አንተ መጀመሪያ አውርድ!»

«እንዴት ትልቅ ሰው ተሸክሞ እኔ ያወርዳል?»

ሳሊማ ፍሬሕይወትን አይታ ክንዷን ያዘቻት። «ግማሽ ሰዓት እንዲህ ናቸው» አለች በሹክሹክታ። «እሱ የተቀየምነው እኛ ነን ብሎ ያስባል።»

«እንዴት?»

«ከሰኞ ጀምሮ ማንም ሰላም አላለውም።»

ጋሽ አብዱልረሂም የደንቡን ድምፅ ሰምተው፣ ታዛዥ ሰው ስለሆኑ፣ ጭነት ክፍል ገብተው እዚያው ቀሩ። ሌላ ክፍል እንዴት እንደሚገባ የነገራቸው የለም። ሦስት ቀን ሙሉ ከሠላሳ ሰው አንድም እንዴት አደርክ ያላቸው ጠፋ። የማንጎዬ ቃጫ ነው ያስቀየማቸው ብለው ሁለት ሌሊት ተገላበጡ። ሳሊማ ስትደውል ደግሞ ሰላምታ በስልክም የተከለከለ መስሏቸው ቸኩለው ዘጉ። ዛሬ መኪና ሙሉ ሰው ግቢያቸው ሲገባ፣ ከዩኒየኑ ሊያስወጡኝ መጡ ብለው ድንጋይ ፍለጋ ወደ ጓሮ ሮጡ።

ፍሬሕይወት ሰዓቷን አየች። ሰባት ሰዓት። ከእሷ በቀር ማንም የቸኮለ የለም። መሃል ገባች።

«ጋሽ አብዱልረሂም፣ እትዬ አሰለፈች፣ ማንም ማንንም አልተቀየመም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰላምታ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሁለቱም ከድንጋያቸው ሥር አንገታቸውን አዙረው አዩአት።

«አንቺ ነሽ?» አሉ እትዬ አሰለፈች።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ከበላይ አካል የመጣ መመሪያ መስሎኝ!»

«የቢሮው አካል እኔ ብቻ ነኝ።»

ሁለቱም እኩል ጎንበስ ብለው ድንጋያቸውን አወረዱ። ከዚያ እትዬ አሰለፈች የራሳቸውን ድንጋይ በእግራቸው ወደ ፍሬሕይወት ገፋ አደረጉት። ፍሬሕይወት ድንጋዩን አየች፤ እትዬ አሰለፈችን አየች፤ አጎንብሳ አነሣችው። ከገመተችው በላይ ይከብዳል። ግቢው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ዳበሳ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣት፣ ወዲያው ግሩፑ ላይ ለቀቀው፣ ሃያ ስድስት ስልክ በአንድ ላይ ጮኸ።

«የት ክፍል ለቀቅከው?» አለች ከድንጋዩ ሥር።

«ጥራት።»

ከማንጎው ግንድ ተደግፈው የተቀመጡ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ የመንደሩ ሽማግሌ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። «አንቺ ምን ያስቸኩልሻል?» አሉ ፍሬሕይወትን። «ፊትሽ ላይ ሰዓት አለ።»

ነገረቻቸው። አራት መቶ ሣጥን፣ ነገ ሁለት ሰዓት። ዓርብ ሥራዋ እንደሚያልቅም ነገረቻቸው። ይህን ለመናገር አላሰበችም ነበር፤ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ግን ብዙ መደበቅ አይችልም።

«አውርዱላት» አሉ ሽማግሌው። አወረዱላት። «አንቺ ልክ ነሽ፤ ሠላሳ ሰው ሠላሳ ሰው ሰላም ካለ ማንጎ ይበሰብሳል። እነሱም ልክ ናቸው። ሰላም ያላለህን ሰው ጭነት ማን ይጭናል? እዚህ ስንሰበሰብ ሁላችንም እንመርቃለን? አንድ ሰው ይመርቃል፣ ሌላው አሚን ይላል። ስልኩ ላይ እንዲህ አይሆንም?»

ፍሬሕይወት አራት ክፍል ስትሠራ፣ ሥዕል ስትመርጥ፣ ሁለት ቀን ስልክ ላይ ስትደፋ ይህ ለምን አልመጣላትም? «ይሆናል» አለች። «በየቀኑ ተረኛ ይኖራል። እሱ እዚያው ጭነት ክፍል ገብቶ ለሁላችን ሰላም ይላል። ሌላው አሜን ብሎ ጭነቱን ይጽፋል።»

«አሚን በምን?» አሉ ጋሽ አብዱልረሂም ሰጋ ብለው።

«የእጅ ሥዕል ትነኩና ትልካላችሁ። አሳይዎታለሁ።»

«ስንት ደቂቃ ይፈቀዳል ለተረኛ?» አለ ዳበሳ።

«የፈለገውን ያህል!» አሉ እትዬ አሰለፈች ፈጥነው። «ደቂቃ ልትቆጥሩ ነው እንዴ?»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ፍሬሕይወት በኋላም በቅጡ ማስታወስ አልቻለችም፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ሆነ። እትዬ አሰለፈች ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አምባ አሥራ አራት ላሉት ልጆቻቸው ጮሁ፦ «ተነሡ! ከታችኛው ማሳ ጀምሩ! አዎ ታርቀናል! እኔ ምን አውቄ ማን ከማን፣ ብቻ ታርቀናል!» የአምባ ስምንቱ ሰው ቤቱ ደውሎ የመልቀሚያው እንጨት የት እንዳለ ሲያስረዳ፣ ከረጢቱ ተቀዷል ተባለ፤ ሳሊማ ስልኩን ቀምታው ባለፈው የላከችላቸው ሌላ የት እንዳለ ለቤተሰቦቹ ነገረች። የሆሞሻው መቶ ሃያ ተጭኖ አለቀ። ጋሽ አብዱልረሂም «ይቅርታ የጠየቀ ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም» ብለው ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ፤ ሽማግሌው ሳይቀሩ ከሥር ሆነው ይኼኛው በስሏል፣ ያኛው ገና ነው እያሉ መሩ። ሌላ ሃምሳ ሣጥን ወረደ።

ጭነት ክፍሉም ነፍስ ዘራ። «አምባ 14። 60። አሁን።» «አምባ 14። 85። አሁን።» «አምባ 8። 70። ሣጥን አለቀብን!!» ፍሬሕይወት በሞተሯ ፊት ፊት እየሄደች፣ ከኋላዋ አይሱዙው ሰውና ማንጎ ደርቦ እየተንገጫገጨ፣ ሳሊማና አሻጊዎቿ ከላይ ሆነው እየዘፈኑ አሶሳ ገቡ። መንገድ ላይ አቶ ለሜሳ ደወሉ።

«የት ነሽ? ሁሉም የት ነው?»

«ዕርቅ ላይ ነበርን፣ አቶ ለሜሳ።»

«ማን ተጣልቶ?»

«ማንም!»

«መልካም» አሉና ዘጉት።

ፀሐይ እስክትጠልቅ ዳበሳ ወደ አምባዎቹ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፤ በንጋት አንድ ጊዜ ደገመ። ሐሙስ የገዢው መኪና ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ቆመ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሳሊማ የመጨረሻውን ሣጥን አስገፍታ ቆጠራዋን አነበበች፦ አራት መቶ ስድስት። የገዢው ሾፌር ስድስቱ አይገባም አለ። ጉልበቱ ላይ አንዱን፣ ከጎኑ ሁለቱን፣ ከኋላው ሦስቱን አስታቅፈው ሸኙት። አቶ ለሜሳ ከመስኮታቸው ያያሉ። ቀኑን ሙሉ ስለ ዓርብ አላነሡም።

ዓርብ ጠዋት የመጀመሪያው የሰላምታ ተረኛ ሥራ አስኪያጁ እንዲሆኑ እትዬ አሰለፈች ወስነው ነበር። አቶ ለሜሳ ግሩፑ ላይ በሕይወታቸው ከ«እሺ» በላይ ጽፈው አያውቁም። አንድ ሰዓት ላይ ጭነት ክፍል ውስጥ ድምፅ ገባ። ፍሬሕይወት ርዝመቱን አይታ ስልኩ የተበላሸ መሰላት፤ ስምንት ደቂቃ።

ከቢሮዋ በር ጀርባ ቆማ አዳመጠችው። አቶ ለሜሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከሆሞሻ ጀመሩ። ጋሽ አብዱልረሂምን ወገባቸውን ጠየቁ። እትዬ አሰለፈችን ስለ ላማቸው፣ ስለ ጥጃዋ፣ ስለ ምራታቸው ጠየቁ። ዳበሳን ስለ ጎማው አጽናኑት። የአምባ ስምንቱን ሰው በአባቱ ስም ጠሩት። ሳሊማን፣ ሰባቱን አሻጊዎች፣ ጋሽ ገረሱን፣ የጋሽ ገረሱን ዓይን። ፍሬሕይወት በጣቷ ትቆጥር ነበር። ሃያ ሰባት። ሃያ ስምንት። ሃያ ዘጠኝ። ከእሷ በቀር የቀረ ሰው የለም። ድምፁ ቆመ። ማዳመጫው ላይ ገና አሥራ አምስት ሰከንድ ይቀራል፤ የወረቀት መገላበጥ ይሰማል።

«ሌላው» አለ የአቶ ለሜሳ ድምፅ፣ «ፍሬሕይወት። ደህና አደርሽ? ቤተሰብ ደህና? ውልሽን ፈርሜ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ። ነይና የአንቺን ጨምሪ። አበቃሁ።»

የቢሮዋን በር እንዴት እንደከፈተች አታውቅም። ኮሪደሩን በሦስት እርምጃ ጨረሰችው። አቶ ለሜሳ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው የራሳቸውን ድምፅ እንደገና እያዳመጡ ነበር፤ ስትገባ እንደ ተያዘ ሰው ደንግጠው አወረዱት።

«ጥሩ ነው እንዴ?» አሏት።

«በጣም ጥሩ ነው!»

«የገረሱን ሚስት ረሳሁ መሰለኝ።»

«አልረሱም፤ ከዓይናቸው ቀጥለው ጠርተዋታል።»

እስክሪብቶ ሰጧት። ስለቸኮለች ፊርማዋ ከመስመሩ ዘልሎ ወጥቶ የዩኒየኑን ማኅተም ነካ።

«ይሄ ፊርማ ነው ወይስ ጠመዝማዛው የኩርሙክ መንገድ?» አሉ አቶ ለሜሳ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥተው።

መልስ ሳትሰጥ ከማሸጊያው አዳራሽ በኩል የሳሊማ እልልታ ተነሣ፤ ሰባቱ ተቀበሏት፤ ጠረጴዛው ላይ የአቶ ለሜሳ ስልክ በሠላሳ አሜን እየተንቀጠቀጠ ወደ ጠርዙ መሄድ ጀመረ።